ያልተቀመሰው ሽንጥ

ኃይለመስቀል ሠላሳ ዓመት ሥጋ የጠበሰ ሰው ነው። ከሐረር ግንብ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ በነበረ አንድ ክበብ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነበር። ከዚያ የወጣው ሰርቆ አይደለም፤ ሰክሮም አይደለም። አልቀምስም ብሎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዐቢይ ጾም አንድ ቀን ክበቡን እንዲቆጣጠር የተሾመ አዲስ ካድሬ ወጥ ቤት ገባ። ድስቱ ላይ ቆሞ ጨዉ ልክ መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ጠየቀው። ኃይለመስቀል በእጄ አለ። ካድሬው ጭልፋ አንስቶ ሰጠውና ቅመስ አለው። ጾም ነው ብሎ ጭልፋውን መልሶ አስቀመጠ። ካድሬው ወጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ጡረታ ወጥተሃል የሚል ወረቀት መጣ።

ወረቀቱን ቻለው። ያልቻለው ከወረቀቱ በኋላ የመጣውን ወሬ ነው። ክበቡ ቅመም የሚገዛው በግንቡ ውስጥ ካለው ገበያ፣ ከጊደር መጋላ፣ ከሐጂ ዓብዱላሂ ሱቅ ነበር። ሐጂ ሸቀጣቸው ቁንዶ በርበሬ፣ ምላሳቸውም ቁንዶ በርበሬ ነው። ወሬውን በሰሙ ዕለት ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ የማይቀምስ ወጥ ሠሪ ዐይኑን ጨፍኖ የሚላጭ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ራሳችሁን እንዳትሰጡት አሉ። ገበያው ሳቀ። ሳቁ ከግንቡ ወጥቶ አዲሱ ከተማ ደረሰ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለተዝካር ይጠሩት የነበሩ ሰዎች ሌላ ሰው መጥራት ጀመሩ። የጥብስ ብረቱን ከማድ ቤቱ ግድግዳ አስደግፎ ተወው። ሁለት ዓመት ዶሮ ሰፈረችበት።

በ1978 ዓመተ ምሕረት አረፋ ከፍልሰታ ጾም መሀል ገባ። ከአረፋ ሦስት ቀን በፊት ዑመር መጣ። ዑመር ከከተማው ውጪ ያለችው የሶፊ ገበሬ ነው፤ ድንችና ጫት ያበቅላል፤ ከግንቡ በሮች በአንዱ፣ በፈላና በር አጠገብም ቤት አለው። ለክበቡ ድንችና ሽንኩርት በአህያ ሲያመላልስ ከኃይለመስቀል ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ተዋውቀዋል። ተቀመጠና የመጣበትን በዝርዝር ነገረው። ሴት ልጁን ሸምሲያን በግንቡ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለወንድ ልጃቸው ጠይቀዋል። በአረፋ ማግስት የልጁ ሽማግሎች ምሳ ይመጣሉ። እሱም የእርሻ በሬውን ሊያርድ ነው። የከተማ ሰው ግን የሶፊ በሬ ጥርስ ይሰብራል እያለ ይቀልዳል፤ የሽማግሎቹ አለቃ ደግሞ የቀራቸው ጥርስ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሽንጡን ሳይቆራረጥ እንዳለ ጠብሶ፣ ያለ ጥርስ የሚበላ አድርጎ የሚያቀርብለት ሰው ይፈልጋል።

ኃይለመስቀል የሽማግሎቹ አለቃ ማን እንደሆኑ ጠየቀ። ዑመር ጫማውን አየ። የልጁ አጎት ናቸው፣ ሐጂ ዓብዱላሂ አለ።

"ጠባሹ እኔ መሆኔን ያውቃሉ?"

"ነግሬያቸዋለሁ ጋሼ።"

"ምን አሉ?"

"ጨዉን ካገኘው ጊደር መጋላ መሀል ቆሜ ተሸነፍኩ እላለሁ አሉ። ካጣው ግን እስክሞት የማወራው ተረት አገኘሁ አሉ።"

ኃይለመስቀል ብዙ አላሰበም። እመጣለሁ አለ።

ሚስቱ ለተማርያም ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ዑመር ከወጣ በኋላ መጥታ ፊቱ ቆመች። ፍልሰታን በእስላም ሥጋ እጅህን ነክረህ ልታሳልፈው ነው ወይ አለችው። እጅ አይበላም አላት። ምላስስ አለች። ምላሴማ ጾም ላይ ነው አላት። ትንሽ አየችውና ወደ ጓዳዋ ተመለሰች።

ከቤቱ ምንም ይዞ አልሄደም። ብረቱ የክርስቲያን ሥጋ የተጠበሰበት ነው፤ ዑመር ቤት አይገባም። ቢላውም እንደዚያው። ዑመር ከቀጥቃጮች አዲስ ብረት አሠርቷል፤ ቢላ ከቤቱ አለ። ኃይለመስቀል የወሰደው ሁለት እጁን ነው።

በአረፋ ዕለት ዑመር ከስግደት ተመልሶ በሬውን አረደ። ዳለቻ ይባል ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት አርሷል። ሥጋው እንደ ደንቡ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ አንዱ ለድሃ፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለቤት። ለቤት ከደረሰው አንድ ሽንጥ ተለየ። ሌላኛው ለዘመድ ሄዷል። ይኸኛው ከተበላሸ ሌላ የለም።

ኃይለመስቀል ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ሽንጡን በሁለት እጁ አንስቶ መዘነው፤ ሰባት ኪሎ ግድም ሆነበት። ከክንድ ይረዝማል፤ ውፍረቱ አራት ጣት ያልፋል። ጅማቱን ገፈፈ፤ ስቡን በአንድ ወገን ተወለት። የሥጋውን ክር በአውራ ጣቱ እየተከተለ ወዴት እንደሚሄድ አየ። ያረሰ በሬ ሥጋ እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ክሩን ያላወቀ ሰው አይቆርጠውም። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ አስወቀጠ። በዘይትና ሁመር በሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ ውሃ ለወሰው። ገሚሱን ለነገ አስቀርቶ በቀረው ሥጋውን እያገላበጠ አሸው። ጨው አላስነካውም። ጨው ነገ ነው አለ። ሳፋውን ከድኖ፣ ድንጋይ ጭኖበት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ያልበሰለ ፓፓያ ፈቀፈቀ። ወተት የመሰለውን ጭማቂ ቀባው። ፓፓያ ያረጀን ሥጋ ያለሰልሳል፤ ከቆየ ግን ገንፎ ያደርገዋል። ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው አለ። ከዚያ ጨዉን አስመጣ። በሦስት ጣቱ እየቆነጠረ፣ እጁን ከፍ አድርጎ በተነ። በልቡ ይቆጥራል። ሃያ አንድ ላይ አቆመ።

የዑመር ሚስት ዘሀራ ከምድጃው አጠገብ ሆና ታየዋለች። ከሶፊ የመጣችው የዑመር ታላቅ እህት መርየምም ታየዋለች። ሁለቱም ጣቱን ወደ አፉ እስኪወስድ ጠበቁ። ጣቱን በጨርቅ ጠረገ።

"አይቀምሱትም እንዴ?" አለች ዘሀራ።

"ጥሬ ነው፣ የእናንተ እርድ ነው፣ ጾም ነው። ከሦስቱ የቱን ልሻር?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ከሰል ሊገዛ ወጣ።

የነሐሴ ከሰል እርጥብ ነው። እርጥብ ከሰል ይጨሳል፤ ጭሱ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ኃይለመስቀል ከሰል በዐይኑ አይገዛም፤ ሁለቱን አጋጭቶ ድምፁን ይሰማል። ደረቁ እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ እርጥቡ ዝም ይላል። ሦስት ሻጭ ዘንድ አጋጭቶ ዝም አሉት። አራተኛዋ ጆንያዋን ከአልጋ ሥር ያሳደረች ሴት ነበረች። ከእሷ ገዝቶ ሲመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ሳፋውን ከፈተ። ቆመ።

ሥጋውን እርጥብ አድርጎ ነው የተወው። አሁን ይዋኛል። ጣቱን ቢያስገባ ውሃው ሁለተኛውን አንጓ አለፈ። ሃያ አንድ ቁንጥር ጨው ከሁለት ሰዓት በላይ ቢቆይም ይህን ያህል ውሃ ከሥጋ አያወጣም። ዞሮ የጨዉን ዕቃ አየ። ጠዋት እስከ አንገቱ ነበር፤ አሁን ወገቡ ላይ ነው።

ድምፁን ሳያነሳ ማን እንደነካው ጠየቀ። ዘሀራ ፊቷ ቀላ። አንድ እፍኝ ብቻ አለች። እርስዎ ስለማይቀምሱ እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው አለች። መርየም ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አንቺም ጨምረሻል?" አለቻት።

"አንቺም ስትይ ምን ማለትሽ ነው?"

መርየም እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዑመር በዚህ መሀል ከውጪ ገባና ነገሩን ሰማ። የሴት ነገር፣ ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይኼ ነው ብሎ ሳቀ። ሳቁን ግን አልጨረሰውም። ጢሙን አከከ። ሳፋውን አየ።

"ወላሂ ጋሼ" አለ፣ "እኔም ትንሽ ጣል አድርጌበታለሁ። ላንተ ብዬ ነው።"

ኃይለመስቀል አልተቆጣም። ዱካ ላይ ተቀመጠ። ካድሬው በወረቀት ነግሮታል። ሐጂ በቀልድ ነግረውታል። እነዚህ ደግሞ ወደውት፣ አዝነውለት ነገሩት። የሁሉም ነገር ግን አንድ ነው፤ የማይቀምስ አያውቅም ነው ያሉት። እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ይደርሳሉ። ሐጂ ተረታቸውን ይዘው ሊሄዱ ነው።

ተነሳ። ጨው ቀስ ብሎ የሚሄድ እንግዳ ነው። ሥጋው ደግሞ ወፍራም ነው። እስካሁን ጨዉ ደጃፉ ላይ ነው፤ ጓዳ አልደረሰም። ካልደረሰ ማስወጣት ይቻላል። ውሃ አስቀዳ። ሽንጡን በአንደኛው ውሃ አጠበ፤ ውሃውን ደፋ። በሁለተኛው ዘፍዝፎ እያገላበጠ ቆየ። ፓፓያውም አብሮ ታጠበ፤ ሰዓቱ ስለ ደረሰ አላዘነበትም። በንጹሕ ጨርቅ አደረቀው። ከጫፉ የጣት ያህል ቆርጦ ፍም ላይ ጣለና ለመርየም ሰጣት።

መርየም በላች። ማሻአላህ፣ ልክ ነው አለች።

ኃይለመስቀል አፏን አልሰማም፤ ጉሮሮዋን ነው ያየው። ሁለቴ ዋጠች። ዐይኗ ወደ እንስራው ሄዶ ተመለሰ። ሰው በይሉኝታ አፉን ያስዋሸዋል፤ ጉሮሮውን ግን አያስዋሸውም። አመሰገናትና ሦስተኛ ውሃ አስቀዳ።

ከሦስተኛው ውሃ በኋላ ሌላ ጫፍ ቆርጦ ጠበሰ። ይህን ለእናትየዋም ለአክስትየዋም አልሰጠም። ሸምሲያ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ የጨዉን ጣጣ አልሰማችም። ሄዶ ያዢ ብሎ ሰጣት። እንዴት ነው ብሎ አልጠየቃትም። ልጅቱ ጎርሳ መክተፏን ቀጠለች። ውሃ አልፈለገች፤ ጨውም አልፈለገች። ቀና ብላ እጇን ዘረጋች።

"ሌላ የለም ጋሼ?"

"በስድስት ሰዓት አለ" አላት። ተመልሶ ሽንጡን ከውሃው አውጥቶ አደረቀው።

ባስቀረው ቅመም ሽንጡን እንደገና አሸው። የጨዉን ዕቃ ራሱ አንስቶ፣ ክዳኑን በገመድ አስሮ ለዘሀራ አስረከባት። ተቀበለችው፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

እሳቱን ለሁለት ከፈለው። በአንድ ወገን ፍሙን ከመረ፤ በሌላው ወገን አሳሳ። ብረቱ እስኪግል ጠበቀ። ሽንጡን በስቡ በኩል ከከመረው ፍም በላይ አጋደመ። ጮኸ። ያን ጩኸት ሁለት ዓመት አልሰማውም። ከፈላና በር በላይ ያንዣብብ የነበረ ጭልፊት ዝቅ ብሎ ዞረ። ዑመር በዱላ አባረረው። ካፊያ ጀመረ። ዑመር አንድ ቆርቆሮ አንስቶ ከእሳቱ በላይ በሁለት እጁ ያዘ። እስከ መጨረሻው እንደያዘ ቆመ። እንተካህ ቢሉት እምቢ አለ። የእፍኜ ቅጣት ነው አለ።

ኃይለመስቀል ሽንጡን አንዴ ገለበጠ። ሁለቱም ፊት ሲጠቁር ወደ ሳሳው ፍም አሸሸው። የሽንኩርት ቅጠል አስሮ በዘይትና በሁመር ውሃ እየነከረ ያርሰዋል። ሥጋ ገና ሳይበስል ስቡ ቶሎ ቶሎ ይንጠባጠባል፤ ሊበስል ሲል ይዘገያል። ጆሮውን ሰጥቶ ቆጠረ። በጣቱ ጫን አደረገው። እንደ ጉንጭ ሲለሰልስ ገና ነው፤ እንደ ግንባር ሲጠነክር አልፏል። በመካከሉ፣ እንደ አገጭ የሆነበት ሰዓት አለ። ያን ሰዓት ጠበቀ።

እንግዶቹ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ስድስት ሽማግሎች ናቸው። ሐጂ ዓብዱላሂ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ከፊት ነበሩ። ቀጭን ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ ነው። ከዑመር ጋር ሰላም ተባብለው እሳቱ አጠገብ ቆሙ። ሽንጡን አዩ፤ ኃይለመስቀልን አዩ።

"ዛሬም ሳትቀምስ ነው?"

"ዛሬም ነው ሐጂ።"

"እንግዲህ ራሴን ይዤ መጥቻለሁ፤ ምላጭህን ሳል" አሉ። ሽማግሎቹ እየሳቁ ገቡ።

ሽንጡን ከእሳት አውርዶ በእንጨት ገበታ ላይ አኖረው፤ ከደነው። ዘሀራ እንግዳ ተቀምጧል ብላ ቸኮለች። የሥጋው ውሃ ወደ ውስጥ ይመለስ አላት። አባታችን ሆይ አሥር ጊዜ የሚደገምበትን ያህል ጠበቀ። ከዚያ ቢላውን ስሎ ክሩን አቋርጦ ቆረጠ። የመጀመሪያው ቁራጭ ተጋደመ። ዳሩ ጠቁሯል፤ ውስጡ እንደ ጽጌረዳ ቀልቷል። ገመዱ ተፈትቷል። በስስ በስሱ ቆራርጦ ጨረሰና ትሪውን ዑመር ይዞ ገባ።

ኃይለመስቀል ከደጃፍ ቆመ። በሩ ክፍት ነው። ሐጂን ከጎን ያያቸዋል። ጨዋታ ነበር፤ ትሪው ሲቀርብ ቆመ። ሐጂ ቢስሚላህ ብለው አንድ ቁራጭ አነሱ። ጎረሱ። አላመጡ። ኃይለመስቀል ጉሮሯቸውን ያያል። አንዴ ዋጡ። ሁለተኛ አነሱ። ሦስተኛ አነሱ። የወንዱ ልጅ አባት እጅ ከትሪው ጫፍ ወደ መሀል ተሻገረ። አንድ ሽማግሌ ቁራጭ ሊያነሱ እጃቸውን ቢሰዱ የሐጂ እጅ ቀድሟቸዋል።

ከዚያ ሐጂ ቀና አሉ። "ውሃ አምጡ" አሉ።

ኃይለመስቀል የበሩን መቃን ያዘ። ሸምሲያ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከአጠገቡ አልፋ ገባች። ሐጂ አልጠጡም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሸምሲያ አፈሰሰችላቸው፤ ታጠቡ፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ያኔ ነው ትሪውን ያየው። ባዶ ነበር። ዳቦ ይዘው የትሪውን ማር የመሰለ መረቅ እንኳ ጠርገውታል።

ሐጂ ወደ ግቢው ወጡ። ካፊያው አቁሟል። ዑመር ቆርቆሮውን የያዘበትን ክንዱን ያሻል። ሐጂ እሳቱ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

"ስንቴ ቀመስክ? እውነቱን።"

"አንድም።"

"በአላህ?"

"በእመቤታችን።"

ሐጂ ብረቱን አዩ፤ እጁን አዩ። "ታዲያ ጨዉን ማን ነገረህ?"

ኃይለመስቀልን ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት መልሱን ፈልጎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ካድሬው ጠይቆት ነበር፤ መልሱን ግን አልፈለገም።

"ሚስቴ ናት" አለ። "ለተማርያም አርባ ዓመት በጾም ወጥ ሠርታለች። እህል ውሃ ሳይቀመስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየዋለች፣ ሳትቀምስ ነው የምትሠራው። አንድም ቀን ጨው አላጣችም። እኔ ወጣት ሆኜ ጣቷን አይቼ ነው የተማርኩት። ከግንቡ ውጪ ያለ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው ሐጂ። ፀጉር ቆራጭ ያላት ሰው የለም።"

ሐጂ ሳቁ። ጊደር መጋላ የተናገርኩትን ጊደር መጋላ አነሳዋለሁ አሉ። የሸምሲያ ነገር በዚያው ቀን ከአሥር ሰዓት በፊት አለቀ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ቃላቸውን አላቆዩም። በማግስቱ ገበያው በሞላበት ሰዓት ከሱቃቸው ወጥተው መሀል ቆሙ። ሥጋ ሻጮቹም፣ እህል ነጋዴዎቹም፣ ለክበቡ ዕቃ የሚገዛው ሰውዬም ነበሩ። ሐጂ ኮፍያቸውን አወለቁ። መላጣቸው አበራ። ራሳቸውን በጣታቸው መቱ።

"ኃይለመስቀል ዐይኑን ጨፍኖ ላጨኝ" አሉ። "እዩት። አንድ ጠብታ ደም የለም። ተሸንፌያለሁ።"

ገበያው ሳቀ። የዛሬው ሳቅም ከግንቡ ወጥቶ አዲሱ ከተማ ደረሰ።

ከሰዓት በኋላ አንድ የሐጂ ዘመድ የኃይለመስቀልን በር አንኳኳ። በወረቀት የተጠቀለለ ምርጥ ቁንዶ በርበሬ ይዟል። ኃይለመስቀል እጁን ሲዘረጋ ሰውዬው ጥቅልሉን ሸሸገ። ሐጂ ለሴትዮዋ ነው ያሉኝ አለ። ለተማርያም ከጓዳ ወጥታ ተቀበለች። ምን ብለው ላኩት ብላ ጠየቀች። ለጨዉ መምህር ብለዋል አላት።

ወረቀቱን ፈትታ አሸተተች። እንደገና ቋጠረችው። ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ ሄደች። ብረቱ ላይ የተቀመጠችውን ዶሮ በቀሚሷ ጫፍ አባረረች፤ አመድ ዘግና ብረቱን መፈግፈግ ጀመረች።

"ምን ሆንሽ?" አላት።

"ፍልሰታ በአምስት ቀን ይፈታል" አለችው። "ሁለት ሰዎች ለክርስትና ሊጠሩህ መጥተው ደጅ ቆመዋል። አስገባቸው እንጂ።"